ስምንት ያለው ማን ነው?

እኔ ጂን ምናምን ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ሃያ ዓመት ፖሊስ የሆነ ሰው የሚፈራው የአዳምን ልጅ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ሳቄን ተውኩት።

የምሠራው አጋሮ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ጣቢያ ነው፣ ፈረቃ ስንቀያየር እስረኛ በቆጠራ እንረካከባለን፣ በሩ ሳይከፈት እነሱ ከውስጥ አንድ፣ ሁለት እያሉ ይጠራሉ፣ ቁጥሩ ከመዝገቡ ከገጠመ ተረካቢው ይፈርማል። ደንቡ በዓይን አይታችሁ ይላል፣ እኛ ግን በጆሮ ለምደናል። ከፈረምክ በኋላ አንዱ ራሱን ቢያጠፋ ተጠያቂው አንተ ነህ። አንድ ባልደረባችን እንዲያ ሆኖበት፣ በቸልተኝነት ተከሶ፣ ዛሬ እሱ ራሱ እስረኛ ነው፣ ልጆቹ ያለ አባት ቀርተዋል።

ያን ቀን የታሰሩት ስምንት ናቸው። ቆጠሩ፣ "ሰባት"፣ "ስምንት" ተባለ፣ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣ ወዲያው አንድ ረጋ ያለ ድምፅ "ሰገል" አለ፣ በኦሮምኛ ዘጠኝ ማለት ነው።

"ማል ተኤ? ምን ሆንክ፣ ፈርም እንጂ!" አለኝ አስረካቢው ታደሰ፣ የጅማ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ቸኩሏል።

"ዘጠኝ አሉ እኮ።"

"እየቀለዱብህ ነው ባክህ!"

"ሳላይማ አልፈርምም።"

እያጉረመረመ ከፈተ። ሰባት ሰው። ስምንተኛውን፣ እሸት ቡና ሰረቅክ ተብሎ የገባውን ናስርን፣ ከኋላ ባለችው መታጠቢያ ወድቆ አገኘነው፣ እንዴት እንደሆነ አልናገርም፣ ትንፋሹ ግን ነበረች። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ተረፈ ሲሉኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም፣ ብቻ ተመስገን!

ሰባቱን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፣ ከየራሳችን ቁጥር ሌላ አልጠራንም ብለው በየእምነታቸው ማሉ።

ናስር ነፃ ተብሎ ወጣ። በቀደም የቡ በምትባለው ከተማ ገበያ አገኘሁት፣ ወፍሯል፣ ትዳር ይዟል፣ "አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎ ባይኖሩ!" እያለ አቅፎ አልለቅ አለኝ፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ። በዚያው ሞቅታ፣ "አንተ ስምንት ካልክ በኋላ ዘጠኝ ያለው ማን ነበር?" አልኩት።

ሳቁ ጠፋ።

"እኔ እኮ ስምንት አላልኩም ጋሼ፣ ቆጠራው መቼ እንደተጀመረም አላውቅ፣ ራሴን ስቼ ነበር።"

ዘጠኝ ያለኝን፣ ማንም ይሁን ማን፣ እመርቀዋለሁ፣ በእሱ ምክንያት ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር እራት እበላለሁ። ስምንት ብሎ ሊያስፈርመኝ የነበረውስ? ነገ ተረካቢ እኔ ነኝ።