በቆጣሪው ክፍል የተገኘው ማጥፊያ

ሟቹ ከማተሚያ ቤቱ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ የመብራት ቆጣሪ ክፍል ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ልብሱ አልተለበለበም፤ ፀጉሩ እንኳ አልነደደም። ከጎኑ አንድ ባዶ የእሳት ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቱ ነበረች። አስከሬኑ ከተነሣ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ማጥፊያውን መርጣ የገዛችው እሷ ናት፤ ወንድሟን በገዛ እጇ የገደለችው ያህል ይሰማታል።

በማግስቱ የመጣው መርማሪ መጀመሪያ ያደረገው ማሽተት ነበር። ባልደረቦቹ «አሽታቹ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

«የተቃጠለ የሽቦ ላስቲክ ብቻ ነው የሚሸተው» አለ ከክፍሉ ወጥቶ። «ማጥፊያውን ማን መረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለች እህቲቱ። «ሻጩ ‹ውሃ ለመብራት እሳት አይሆንም፤ መብራቱ ሰው ይይዛል። ዱቄት የሚረጨው ማሽን ያበላሻል። ጋዝ የሚረጨው ይሻልሻል› አለኝ።»

«ልክ ነው ያለዎት።»

«ታዲያ ወንድሜን ለምን ገደለው?»

«ጋዙ እሳቱን የሚያጠፋው አየር ነሥቶ ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ሰውንም አየር ይነሣዋል። ይህን አልነገረዎትም?»

አንገቷን በአሉታ ነቀነቀች። መርማሪው ግን ጎንበስ ብሎ ከክፍሉ በር ውጭ፣ ከተከመረው ወረቀት ሥር፣ አንዲት የብረት ቀለበት አነሣና ኪሱ ከተተ።

ቀጥሎ አስከሬኑን ያገኘውን ማሽን አንቀሳቃሽ ጠራው። «ቀለሜ» ይሉታል፤ በትምህርት ስለ ጎበዘ ሳይሆን ከጥፍሩ ሥር ቀለም ስለማይለቅ ነው።

«በሩን ስትከፍት ምን አየህ?»

«ማጥፊያው ቆሞ፣ እሱ ወድቆ። መፍቻውን እንደጨበጠ ነበር።»

«ማሽኖቹስ ይሠሩ ነበር?»

«ኧረ ጌታዬ! እሱ ቆጣሪውን ሊጠግን ከጠዋት ጀምሮ ወደ ማሽኖቹ የሚሄደውን መብራት ቆርጦብን፣ እጃችንን አጣጥፈን ነው የዋልነው።»

መርማሪው በዕለቱ እዚያ የነበሩትን ሦስቱንም፣ እህቲቱን፣ አብሯት የሚሠራውን ባሏንና ቀለሜን፣ ትልቁ ማሽን ዘንድ ሰበሰባቸው። የባልየው ቀኝ መዳፍ በጨርቅ ታስሯል።

«ምን ሆኑ?»

«ትናንት ወረቀቱን በትኩስ ላስቲክ የሚለብጠው ላሚኔሽን ማሽን ለበለበኝ» አለ ባልየው።

እህቲቱ መሬት መሬቱን አየች። ማታ ያሰረችለት ራሷ ናት፤ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ።

«ማጥፊያ ለመርጨት ሁለት እጅ ያስፈልጋል» አለ መርማሪው። «መፍቻ የጨበጠ ሰው አይረጭም። አየር አጥቶ የሚወድቅ ሰውም ዕቃውን አስተካክሎ አያቆምም። ይቺ ቀለበት ደግሞ የማጥፊያው መቆለፊያ ናት፤ የተነቀለችው ከበሩ ውጭ ነው። ስለዚህ የረጨው ሌላ ሰው ነው። ጋዙ ሲወጣ ከበረዶ ይብሳል፤ የመርጫውን አፍ በባዶ እጁ የያዘ ሰው መዳፉ እሳት እንደበላው ይላጣል። ላሚኔሽን ማሽኑ ግን ትናንት መብራት አላየም። በምን ለበለበዎት?»

ባልየው አጠገቡ ባለው የወረቀት ክምር ላይ ዘጭ አለ።

«ጭስ አየሁ። እሱ ሽቦ ሊገዛ የወጣ መስሎኝ ነበር። በጭሱ ውስጥ ሳላየው ከበሩ ላይ ቆሜ ረጨሁና እሳቱ አየር እንዳያገኝ በሩን ዘጋሁት። ቆይቼ ስከፍት…»

«አዩት። ጎትተው ማውጣት ሲገባዎት፣ ራሱ የረጨ እንዲመስል ማጥፊያውን ከጎኑ አቁመው መልሰው ዘጉት።»

«ጠዋት ተጣልተን ነበር! አውቆ ገደለው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ይተነፍስ ነበር?» አለች ሚስቱ።

«ጎንበስ ብዬ ማየት አልደፈርኩም።»

«ሲረጩ ድምፅ አልሰሙም?» አለ መርማሪው።

«ሳል ሰማሁ። ከላይ፣ ከቢሮ የመጣ ነው የመሰለኝ።»

ሁሉም ወደ እህቲቱ ዞሩ። በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

«እኔ አላሳልኩም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ሰምቻለሁ። የወንድሜን ሳል ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አቧራ ነው፣ ሲጨርስ ይወጣል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

መርማሪው የጠራቸው ፖሊሶች ባሏን ይዘውት ሲወጡ ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ቀና አላለችም።

«እትዬ፣ የርስዎ ጥፋት አይደለም» አላት ቀለሜ።

ነጠላዋን አንሥታ ወደ እናቷ ቤት መንገድ ጀመረች። እናትየው የምታውቀው ልጇ በአደጋ መሞቱን ብቻ ነው። ሁለቱንም መንገር አለባት፤ በሩን የዘጋውንም፣ ሰምታ ያልተነሣችውንም።