ከታንከሩ የወጣው እጅ

ይህን ስጽፍ ቀኝ እጄን ለስድስተኛ ጊዜ ታጥቤዋለሁ። ሽታው አልለቀቀም።

ስለዚህ «ፈጥረህ ነው» የሚለኝ ካለ... ፈጥሬው ቢሆን ከማንም በላይ ደስ የሚለው እኔን ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ነሐሴ ውስጥ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ቦታው አሶሳ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የአጎቴ የዳበሳ የብየዳ ቤት።

ጨለማ የለም። ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ የወጣችው ፀሐይ ቆርቆሮውን ታንጣጣዋለች።

እኔ ሞቱማ እባላለሁ። ሕንድ አገር አምስት ዓመት ስለ ብረት ተምሬ ተመልሻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ግን የተማርኩትን ሁሉ እጠራጠራለሁ።

በመጣሁ በሳምንቱ ከሱለይማን ጋር ተከራከርን። ሱለይማን የአጎቴ ብረት ቆራጭ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በካርባይድ ሠርቷል። የካርባይዱን ድንጋይ ውሃ ያለበት በርሜል ውስጥ ይጨምራል፤ ይንተከተካል፤ የሚወጣውን ጋዝ በጎማ ስቦ ከኦክስጅን ጋር ያነደዋል።

በርሜሉን ገና ሳየው አፍንጫዬን ያዝኩ።

የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከሥሩ የሚቀረው ዝቃጭ የታመመ በሬ አፍ ላይ የሚንጠለጠል ለሃጭ ይመስላል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ በባልዲ እየቀዱ የቤታቸውን ግድግዳ ይቀቡበታል!

«ቡታጋዝ እንግዛ» አልኩ። «ይሄ በርሜል አንድ ቀን ይፈነዳል።»

«መሐንዲሱ፣ ቡታጋዝ ሰነፍ ነው» አለ ሱለይማን። «እሱ ብረት እስኪያቀላ እኔ ሰግጄ እመለሳለሁ። ብየዳማ ጭራሽ አያውቅም።»

«ለብየዳው ኤሌክትሪክ አለን። ለመቁረጥ ቡታጋዙ ይበቃናል።»

«ኦክስጅን ይጨርሳል!»

«ይጨርስ። ካርባይድ ሰው ነው የሚጨርሰው።»

ሳቀብኝ። «ካርባይድ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ንፋስ ይወስደዋል። ያንተ ቡታጋዝ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ እንደ እባብ። ጉድጓድ ካገኘ እዚያ ይተኛል። ታዲያ የቱ ነው ሰው የሚጨርስ?»

እውነቱን ነበር።

ቢሆንም አጎቴ ለእኔ ፈረደ። ቡታጋዙ ተገዛ። የካርባይዱ በርሜል ታጥቦ ግቢው ጥግ ተደፋ።

ከዚያ ከወርቅ ቆፋሪዎች ካምፕ አንድ አሮጌ የውሃ ታንከር መጣልን። ውስጡ ያለው መከፋፈያ ብረት ተቆርጦ መውጣት ነበረበት። ሱለይማን ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ገብቶ ሊቆርጠው ተነጋገርን።

ዓርብ ዕለት አጎቴ ውስጥ ምሳ ይበላል። እኔ ብቻዬን ዕቃ አዘጋጃለሁ። ዘይት ኦክስጅን ከነካው እንደሚቀጣጠል ስለማውቅ እጄን በደንብ ታጠብኩ።

ያኔ ሸተተኝ።

ነጭ ሽንኩርት... የበሰበሰ።

ቡታጋዝ እንዲህ አይሸትም። ቢሆንም በጎማው ሁሉ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባሁ። አንድም ቦታ አልፈላም፤ ጋዝ አያፈስም።

ወደ በርሜሉ ሄድኩ። ደረቅ ነው።

ሽታው ከታንከሩ ነው የሚመጣው።

መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ክዳኑ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሚወጣው አየር ሞቃት ነው። ጥንብ በልቶ ያገሳ ሰው ፊቴ ላይ የተነፈሰ መሰለኝ።

«መሐንዲሱ...»

የሱለይማን ድምፅ ነው። ከውስጥ።

«መቼ መጣህ?» አልኩት።

«ሽሽ... ላይተር አቀብለኝ።»

«ጋዝ ይሸታል እኮ! ውጣ!»

«አይሸትም። አቀብለኝ።»

አፍንጫዬን ተጠራጠርኩ። አምስት ዓመት የተማርኩትን ተጠራጠርኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ባለሙያ «አይሸትም» ካለ... እኔ ማነኝ?

ላይተሩን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ጨለማው ዘረጋሁ።

እጅ ወጣ።

እስከ ክርኑ ነጭ ነው። ዝቃጭ ያንጠባጥባል። ጣቶቹ ጣቴን ሲነኩት ውሃ ውስጥ እንዳደረ ዳቦ ሰረጉ... ከላያቸው የሆነ ነገር ተልጦ እኔ ላይ ቀረ።

ላይተሩን ቀስ ብሎ ወሰደው።

«ሹክራን» አለኝ።

በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ሱለይማን ወረደ። የሶላት ቆቡን እንኳ አላወለቀም።

«ምነው መሐንዲሱ፣ አንተም ታንከር ላይ ትሰግዳለህ እንዴ?»

እንዴት ከመሰላሉ እንደወረድኩ አላውቅም። ጣቴን ብቻ አሳየሁት።

አሸተተው። ሳቁ ጠፋ።

«ውስጡ ምንድነው ያለው ሱለይማን?»

«የተረፈው ካርባይድ» አለ በሹክሹክታ። «ግማሽ ባልዲ። ትጥለዋለህ ብዬ ደበቅኩት፤ ከመቁረጤ በፊት ላወጣው። ዝናብ እንዳይነካው...»

ክዳኑ አይገጥምም። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦበታል። ታንከሩ ጢም ብሎ ጋዝ ሞልቷል ማለት ነው። አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ከውስጥ...

ቅጭ።

ተያየን።

ቅጭ... ቅጭ።

«ላይተር ነው?» አለኝ።

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ላንተ...»

አጎቴ ጉርሻውን ሳይውጥ ወጣ። «ምንድነው የሚሸተው? ማነው ውስጥ ያለው?»

«ዓሚ፣ ሩጥ! ኸድራን ከነልጆቿ አውጣ!» ብሎ ጮኸበት ሱለይማን። ጎረቤታችን ኸድራ ከታንከሩ የምትለየው በአንድ ግድግዳ ነው። አጎቴ ባዶ እግሩን ሮጠ።

እኛም መሮጥ ነበረብን። ሱለይማን ግን የውሃ ሮቶውን ወፍራም ጎማ ጎተተ።

«ድንጋዩ ሟምቶ አልቋል፣ ኻላስ። ውሃ እንሙላበት። ጋዙን ገፍቶ ያወጣል።»

ጎማውን በክዳኑ ክፍተት ወርውረን ከግቢው ግንብ ጀርባ ተኛን።

ቅጭ።

ሃያ ደቂቃ። በእያንዳንዷ ቅጭታ አይኔን ጨፈንኩ። የኸድራ ልጆች ሲያለቅሱ ሰማሁ፣ ከዚያ ልቅሷቸው መንገዱን ተሻግሮ ራቀ። ተመስገን፣ ወጥተዋል።

ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ነጭ፣ ለብ ያለ ዝቃጭ እስከ ግንቡ መጥቶ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ቅጭ... ከውሃው ሥር።

ከዚያ ዝም አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሱለይማን። ተነሳን።

ያኔ የታንከሩ ጎን ላይ ቀለሙ አበጠ... ተላጠ... የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጥብ ቀላች።

እስከ አፉ ውሃ የሞላ ታንከር ነው!

ነጥቧ መንቀሳቀስ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትንቀጠቀጥ። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ እየቆረጠ ነው።

«ሱለይማን...» ብዬ ዞርኩ።

አይኑ ፈጧል። ከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል።

ቀኝ እጁ ግን... ባዶ እጁ... መቁረጫ የያዘ ይመስል አየሩን ጨብጦ፣ ከቀዩ መስመር ጋር እኩል እየሄደ ነው።