ሁለተኛው መስመር

ሪም የቢሮውን ቁልፍ ከማንጎ ፌስታል ውስጥ አውጥታ አንለይ መዳፍ ላይ ጣለችለት።

«ማህጁብ ከጁምዓ ሶላት እስኪመለስ ነው። ኢንተርኔቱን ልትጠግን እንደምትመጣ ነግሬዋለሁ። ያላ፣ ፍጠን!»

«አይመንስ?»

«መኪና እያጠበ ነው። ከሶላት በኋላ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ ይወጣል።»

የአይመንን ስም ስትጠራ ድምጿ ለስለስ አለ። ወይም ለአንለይ እንደዚያ መሰለው። የሚቀና ሰው ጆሮ መቼም የሌለውንም ይሰማል።

አሶሳ አንለይን የምታውቀው ኮምፒውተር ጠጋኙ ጫኔ ብላ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት አዲስ አበባ ያለው የስለላ አለቃውና ሁለቱ ባልደረቦቹ፣ ሪምና አይመን፣ ብቻ ናቸው። ሪም ወርቅ በድብቅ ድንበር ለሚያሻግረው ለማህጁብ ጸሐፊ ሆና ተቀጥራለች፤ አይመን ደግሞ ሾፌሩ ነው። የአይመን የምስጢር ስም «ማንጎ»፣ የአንለይ «ቀርከሃ» ነበር። ስም ሲወጣ እንኳ ጣፋጩ የደረሰው ለአይመን ነው፤ አንለይ ይህንንም ቂም ይዞበታል።

አንለይ የማህጁብ ቢሮ ገባ። ኮምፒውተሩ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ አሮጌ ነው፤ ማህጁብ «የሂሳብ ፕሮግራሜ በሌላ አይከፈትም» ብሎ አልቀይርም ብሏል። የአንለይ ሥራ የዲኤንኤስ ቁጥሩን መቀየር ነበር። ኮምፒውተር የድረ ገጽ ስም ሲጻፍለት አድራሻውን የሚጠይቀው በዚያ ቁጥር ያለውን ማሽን ነው። ቁጥሩን የቀየረ ሰው ማህጁብን ወደ ሐሰተኛ የኢሜይል ገጽ ወስዶ የይለፍ ቃሉን ይቀበለዋል።

ኮንትሮል ፓኔል። ኔትወርክ። ፕሮፐርቲስ።

ወደ ቁጥሮቹ ጠጋ አለ።

ሌላ ሰው ቀድሞታል።

ለቁጥሩ ካሉት ሁለት መስመሮች የመጀመሪያው ላይ የማያውቀው ቁጥር ተቀምጧል። ማህጁብ የሾፌሮቹን ስልክ ስለሚሰበስብ አይመን ሪፖርቱን ተደብቆ የሚልከው ከዚሁ ማሽን ነው። የላከው ሁሉ ተነቧል ማለት ነው። ዛሬ ኩርሙክ ከሄደ አይመለስም።

አንለይ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። አፈረበት።

ከዚያ ሁለተኛውን መስመር አየ። የቢሮው የራሱ ቁጥር ነው። ሐሰተኛው ማሽን ቢቋረጥ ኢንተርኔቱ እንዳይጠፋና ማንም እንዳይጠረጥር ሁለተኛውን መስመር ለባለቤቱ መተው የአንለይ ዘዴ ነው። ያስተማረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እጇን ከነማውሱ ይዞ።

ሪም በሩ ላይ ቆማለች።

«ሳትመጣ ላጠፋው ነበር» አለች። «ማህጁብ ከወንበሩ አልነሳ አለ።»

«አይመንን ለማን ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩም፣ ወላሂ! ኩርሙክ ላሉት ወርቅ ተቀባዮች በነጻ ሰጠሁ። ማህጁብ አያውቅም።» እንባዋ ቀደማት። «አይመን ባምባሲ ያለች ነዕማ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ልኮ ጨርሷል! እኔ ከሰው ሰማሁ።»

ስንት ወር አንለይን እንቅልፍ የነሳው አይመን፣ ለካ ሪምን ዞር ብሎም አላያትም። የምትወደው እሷ ነበረች።

«ለአለቃው አትደውል» አለችው። «እሱ ይሂድ። እኔና አንተ እንቀራለን። ትወደኛለህ፣ አውቃለሁ።»

ስልኩ እጁ ላይ ነበር።

አልደወለም።

ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ። ውጭ አይመን ሞተሩን አስነስቶ ማፏጨት ጀመረ። ያ የሚያናድደው ፉጨት። ሊያገባ የተቃረበ ሰው ፉጨት።

አንለይ ደወለ።

«ማንጎው በስብሷል፤ ተነቅቶበታል። ኬላ ላይ እንደ ኮንትሮባንድ ሾፌር በካቴና ውሰዱት። ጸሐፊዋም ከእኛ ጋር አይደለችም።»

«እርግጠኛ ነህ፣ ቀርከሃ?»

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

የመጀመሪያውን መስመር አጥፍቶ የራሱን ቁጥር ጻፈ። ሪም ብትጮህ አብራ ትጠፋለች፤ ግድግዳውን ተደገፈች።

ማህጁብ ገባ። «ጫኔ፣ ኢንተርኔቱ ሠራ?»

«ሠርቷል፣ ሐጂ። ኢሜይልዎን ይሞክሩት።»

ማህጁብ የይለፍ ቃሉን በሁለት ጣት እየለቀመ ጻፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የድንበሩ ተቀባዮች ስም አዲስ አበባ ደርሶ ማህጁብም ሪምም ተያዙ። አንለይ ከተሰበሰበው ሰው መሐል ቆሞ ነበር። ሪም የፖሊስ መኪናው ላይ ስትወጣ ዓይኗ አገኘው።

«አይመን ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ስለ አንለይ የጠየቀችው ነገር የለም።

አሁን አንለይ ቡለን ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ ሌላ ስም ይዞ ኮምፒውተር ይጠግናል። የአይመን የባምባሲ ሠርግ እንዴት እንደደመቀ ከመንገደኛ ሰምቶ ሥራውን ቀጠለ። አልፎ አልፎ ኤክስፒ ያለው አሮጌ ማሽን ይመጣለታል። የመጀመሪያውን የዲኤንኤስ ቁጥር ይሞላል።

ለሪም ያስተማረውን ሁለተኛውን መስመር ባዶ ይተወዋል።