የእትዬ አስካለ ቀያይ አበቦች

ውዳሴ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ የአበባ ጉንጉን ትሠራለች።

መቀሷ «ቀጭ! ቀጭ!» ይላል። ከዚያ አበባውን ክብ ሽቦ ላይ ታስረዋለች። ዙር! ዙር! ዙር!

«ይቺ ትንሿ ለማን ናት?» ትላለች ውዳሴ።

«ለሙሽራ ናት። ራሷ ላይ ትደፋታለች። እልል ይባላል።»

«ይሄኛውስ?»

«ሮጦ ላሸነፈ ሰው። አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል። ይጨበጨባል።»

«ይሄ ትልቁስ?»

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ለሞተ ሰው ነው፣ ልጄ። እንወድህ ነበር፣ አንረሳህም ማለት ነው።»

«ለምን ክብ ሆነ?»

«ክብ ነገር ማለቂያ የለውማ። ፍቅርም እንደዚያው ነው።»

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። «ኳ! ኳ!»

ጎረቤታቸው ጋሽ መንገሻ ነበሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሞተውባቸዋል።

በእጃቸው ሰባት ቀያይ ጽጌረዳዎች ይዘዋል።

«አስካለ በገዛ እጇ የተከለችው ነው» አሉ። «ዘንድሮ ያበበው ይኸው ብቻ ነው። ጉንጉኗ ላይ አድርጊልኝ።»

«እሺ፣ ጋሽ መንገሻ። እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች እናቷ።

ቀጭ! ቀጭ! አረንጓዴ የጥድ ቅጠል፣ ነጫጭ አበባ፣ ከላይ ደግሞ ሰባቱ ቀያይ ጽጌረዳዎች። ዙር! ዙር! ዙር!

«ሪባን ላምጣ» አለች እናቷ። «እንዳትነኪው፣ እሺ?»

«እሺ!» አለች ውዳሴ።

ከውጭ ጓደኛዋ ሶስና ተጣራች። «ውዳሴ! ነይ፣ ሙሽራ ሙሽራ እንጫወት!»

ውዳሴ ቀያዮቹን አበቦች አየቻቸው። ሙሽራ መሆን አማራት።

«አንድ ብቻ» አለች። ብጥስ!

«አንድ ብቻ።» ብጥስ!

አሁንም «አንድ ብቻ።» ብጥስ! ብጥስ! ብጥስ! ብጥስ! ብጥስ! ሰባቱም አለቁ።

አበቦቹን በክር አሰረቻቸውና ራሷ ላይ ደፋች። ልጆቹ «እልልልል!» አሉ። ዘለሉ፣ ጨፈሩ።

ዱብ! ጉንጉኗ ከራሷ ላይ ወደቀች። በጨዋታው መሃል ማንም አላያትም። ረገጧት።

ውዳሴ ጎንበስ ብላ አየች። ቀያዮቹ አበቦች ጭቃ ሆነዋል። ልቧ «ድው! ድው!» አለ።

እናቷ ተመለሰች። «ውይ! አበቦቹ የታሉ?»

«ነፋስ... ነፋስ ወሰዳቸው» አለች ውዳሴ፣ መሬት መሬት እያየች።

እናቷ በጣም አዘነች። ባዶውን ቦታ በነጭ አበባ ሞላችው። ከዚያ ጉንጉኑን ይዘው ሁለቱም ወደ ልቅሶው ቤት ሄዱ።

ጋሽ መንገሻ ጉንጉኑን አዩ። «የአስካለ አበቦችስ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ መንገሻ። ነፋስ ወሰዳቸው» አለች እናቷ።

ጋሽ መንገሻ ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ። አጥሩ ሥር ፈለጉ። ቦዩ ውስጥ ፈለጉ። ከድንጋዩ ኋላ ፈለጉ።

«ነፋስ ሩቅ አይወስዳቸውም» ይላሉ ለራሳቸው። «እዚሁ ይኖራሉ።»

ውዳሴ ሄዳ ኮታቸውን ያዘች።

«ጋሽ መንገሻ፣ አይፈልጉ። ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ» አለች። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሮጣ ሄዳ የተረገጡትን አበቦች በሁለት እጇ አፍሳ አመጣችላቸው።

ጋሽ መንገሻ ጭቃውን አንድ በአንድ አራገፉላቸው። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ከተቷቸው። አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ቀብሩ ደረሰ። ጉንጉኑ ነጭ ብቻ ሆኖ ከፊት ከፊት ሄደ።

ውዳሴ ከኋላ ሆና አየችው። «ምነው ባልነካሁት!» አለች በልቧ። «ምነው ባልዋሸሁ!»

ቤት ሲገቡ እናቷን ጠየቀቻት። «እማዬ፣ አበቦቹን መልሰሽ መቀጠል አትችዪም?»

«የተቀጠፈ አበባ አይመለስም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

እናቷ እንዲህ አለች፦ «ነገ ሄደን አብረናቸው እንቀመጥ።»

በማግስቱ ሄዱ። ጋሽ መንገሻ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ያናግራቸዋል፤ እሳቸው ግን ዝም።

ውዳሴ ቀስ ብላ ቀረበች። «ይቅርታ፣ ጋሽ መንገሻ።»

ጋሽ መንገሻ ጠጋ አሉላት። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ኋላ አንድ ነገር ማወቅ ፈለገች።

«እትዬ አስካለ ልጅ እያሉ ምን ይጫወቱ ነበር?»

ጋሽ መንገሻ ቀና አሉ። «አስካለ? ዛፍ ትወጣ ነበር እንጂ!»

«ዛፍ?!»

«አዎ! ከላይ ሆና ጥሬ ኮክ ትወረውርብኛለች። ጧ! አናቴን!»

ውዳሴ ሳቀች። ሰዉም ሳቀ። ጋሽ መንገሻም ትንሽ ሳቁ፣ ትንሽም አለቀሱ።

ከዚያ ሌላ ነገር አወሩላት። ከዚያም ሌላ። ፀሐይ ስትጠልቅ ውዳሴ ክንዳቸው ላይ ተደግፋ አንቀላፋች።

እናቷ ልታነሳት መጣች።

«ተያት፣ ትተኛ» አሉ ጋሽ መንገሻ።

ጋቢያቸውን አለበሷት። ከዚያም እንዳትነቃባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ አስካለ ማውራታቸውን ቀጠሉ።