የቀለለው ብሎን

የፑል ዱላ ሠሪው ወርክሾፑ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስል ጠባብና ጥልቅ ነበር። ዋዜማውን ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋልና፣ ታናሽየው እንባው ሳይደርቅ ካቴና ገባለት። የሟች ሚስትም «ከሱ ሌላ ማን አለ?» ብላ ፈረደችበት።

መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። እዚያ የተጋደመው የሻምፒዮኑ ዱላ ነበር። ሻምፒዮኑ ከተማው የሚያጨበጭብለት ተጫዋች ሲሆን፣ ሚዛኑ ወደ ፊት አልመጣልኝም እያለ ሟቹን ቁም ስቅሉን ያሳየ ሰው ነው። ሠሪው የዱላን ሚዛን ጣቱ ላይ ፈልጎ በእርሳስ ምልክት ያደርግ ነበር። መርማሪዋ ምልክቱን ጣቷ ላይ ስታሳርፍ ዱላው ወደ እጀታው ዘመመ።

«የዱላውን ሁለት ግማሾች የሚያያይዘው ብሎን ምንድን ነው?»

«ነሐስ» አለ ታናሽየው። «ከባድ ስለሆነ ሚዛኑን ወደ ፊት ያመጣል።»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ደንበኛ አታዋርድ ብዬው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሻምፒዮኑን፣ ሚስትየዋንና ታናሽየውን ሰበሰበችና ዱላውን መጀመሪያ ለሻምፒዮኑ ሰጠችው። አንዴ አነጣጠረበትና ፈገግ አለ።

«አሁን ገና ተስተካከለ። ነፍሱን ይማረው።»

ከባሏ ጋር ብሎን ስትለይ የኖረችው ሚስት ግን ገና ስታነሳው «ቀሏል» አለች። ታናሽየው በታሰረ እጁ መዘነው። «ብሎኑ ተቀይሯል። ይሄ አሉሚኒየም ነው።»

«አዎ» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ የእጀታውን ግማሽ በወፍራሙ ጫፍ ይዞ ነው የመታው። ማጅራቱን የወጋው በሌላው ጫፍ የወጣው ብሎን ነው። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ተጣመመ። ገዳዩም ነቅሎ ከብሎን ሳጥኑ ሌላ ገጠመ። ሳጥኑ ውስጥ ነሐስ ሞልቷል፤ እነዚህ ሁለቱ ቢሆኑ እሱን ይመርጡ ነበር። ልዩነቱ የማይሰማው ሰው ግን ያገኘውን ይገጥማል። የተጣመመውስ የት ደረሰ?»

የሻምፒዮኑ እጅ ሳያስበው ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ቀደመውና ጎባጣውን ነሐስ አወጣ።

«ሳቀብኝ» አለ ሻምፒዮኑ። «‹ሦስቴ ምንም ሳልነካው መለስኩልህ፣ ሦስቴም አመሰገንከኝ› አለኝ። ዞር ብሎም እየሳቀ ነበር።»

ካቴናው ከታናሽየው እጅ ወደ ሻምፒዮኑ ተሸጋገረ። ሚስት ከባሏ ወንድም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሻምፒዮኑ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ እንኳ እውነቱን ንገራቸው» አለው ታናሽየውን። «ሦስተኛው ጊዜ ግን ተስተካክሎ ነበር። ዋንጫ የበላሁት በሱ ነው።»

ይህን ሰው አታዋርደው ብሎ ወንድሙን የለመነው ታናሽየው ነበር። ካቴናው የላጠውን እጁን አሻሸ።

«ያኔ አቧራውን ብቻ ነው የጠረግንልህ» አለው።