አንቱታውን ማን ይስበር?

ቦግና ቶሩን ከተማ ወዳለው መጻሕፍት መደብር የገባችው ሳይንስ አፍቅራ አይደለም፤ ዝናብ አባሯት ነው። ዝም ብላ እንዳትገተር ስለ ሕዋ ጥቁር ቀዳዳዎች የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አነሳች።

«እሱን አይግዙት» አላት ሻጩ መሰላል ላይ እንዳለ። «ጸሐፊው ራሱ አልገባውም።»

«እንዲህ እያሉ እንዴት ሳይከስሩ ቆዩ?»

«አልከሰርኩም ማን አለዎት?»

ሳቀች። ሌሼክ ይባላል። በስምንት ዓመት ይበልጣታል፤ ሲስቅ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ሳይንስን ለተራው ሰው የሚያስረዱ መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ የእሱ ግዛት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በየወሩ አንድ መጽሐፍ እየመረጠ፣ «ወይዘሪት ቦግና፤ ይህ ለእርስዎ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አስገብቶ ያስቀምጥላት ጀመር። እሷም ትገዛና አንብባ ለክርክር ትመለሳለች። ስለ ጉንዳን፣ ስለ ባሕር ሞገድ፣ ሰው ለምን እንደሚያዛጋ ያወራሉ። የማዛጋቱን ሲያወሩ ሁለቱም ማዛጋት ጀምረው ሌሎች ገዢዎች እስኪታዘቧቸው ድረስ ሳቁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን «እርስዎ» እንደተባባሉ ነበሩ።

ጓደኛዋ ኪንጋ ተንገበገበች። «እስከ መቼ ነው እንደ ቄስና ምእመን አንቱ የምትባባሉት? ‹አንተ› በይውና ይለይለት!»

«ታላቄ እኮ ነው! አንቱታ መስበር ያለበት ታላቅ ነው። እኔ ብጀምር ዓይን አውጣ ይለኛል።»

«እንግዲያው ጥፊበት። ከወደደሽ ይፈልግሻል።»

ጠፋችበት። በየቀኑ የቤቷን በር ደወል ስትጠብቅ ከረመች። የዘነጋችው ግን አንቱ የተባለ ሰው ሰፈሩና የአባቱ ስም እንደማይጠየቅ ነው። ሌሼክ ከ«ወይዘሪት ቦግና» በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እሷ ዝምታውን ንቀት አደረገችው። እልህ ክፉ ነው፤ አንዱን ወር ዓመት ከመንፈቅ አደረገባት። በመሃል ሌሎች ሰዎች ለትዳር ጠየቋት፤ ማዛጋቱ እንኳ የሚያስቃትን ሰው ግን ከልቧ ማውጣት አልቻለችም። ትወደው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ፣ ታላቅም ታናሽም ገደል ይግባ ብላ ተነሳች። መንገዱን ሙሉ «ሌሼክ፣ አንተ» እያለች ስትለማመድ ሄደች።

ሲያያት የያዘው መጽሐፍ ከእጁ ወደቀ። ከመሰላሉ ወርዶ ቀኝ እጁን ዘረጋላት። ስትጨብጠው መዳፏን አንድ ነገር ቀዘቀዛት። በዚያ አገር የጋብቻ ቀለበት የሚታሰረው በቀኝ እጅ ነው።

የተለማመደችውን ቃል ተወችው።

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«በመስከረም ነው የተጋባነው» አለ ወለሉን እያየ። «የጠፉት... አስቀይሜዎት ነው?»

«‹አንቺ› እስኪሉኝ ስጠብቅ ነበር። ታላቅ አይደል የሚጀምረው?»

ፊቱ ነጣ። «ሴት ናት እንጂ የምትጀምረው! እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ፤ ሴት ሳትፈቅድለት አንቱታ የሚሰብር ወንድ ስድ ነው ብላ። እኔም እስኪፈቅዱልኝ ነበር የጠበቅሁት።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሁለቱንም ወግ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም የነገራቸው ግን አልነበረም። አንዲት አሮጊት የምግብ መጽሐፍ የት እንዳለ ጠየቁና ማንም ሳይመልስላቸው ሄዱ።

ሌሼክ ከመደርደሪያው ሥር አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ንቦች ብርዱን እንዴት እንደሚያልፉ የሚያስረዳ ነው። «በጠፉበት ዓመት ለገና ያስቀመጥኩልዎት ነው። ለሌላ ሰው መሸጥ አልሆነልኝም። ስጦታ ይሁንልኝ።»

«ደህና ይሁኑ፣ አቶ ሌሼክ።»

«ደህና ይሁኑ፣ ወይዘሪት ቦግና።»

ትራም መጠበቂያው ላይ ተቀምጣ ገለጠችው። ብጣሿ ወረቀት እንደ ወትሮው ውስጡ ነበረች፤ ጽሕፈቱ ደብዝዟል።

«ቦግና፤ ይህ ለአንቺ። ቀድሜ ስለጀመርኩ ይቅር በይኝ።»

ትራሙ መጥቶ ሄደ። አልተሳፈረችም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ለወረቀቷ። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር፤ የመጨረሻዋም።