የሦስት ሞተሮች አማካይ

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ኤሊው» ይሉታል። ሌላው ሠራተኛ የተቃጠለ ሞተር በአንድ ቀን አዲስ ሽቦ ጠቅልሎለት ሲያስረክብ እሱ ሦስት ቀን ይፈጅበታል።

እኔ ከውኃ መሥሪያ ቤቱ የተላክሁት እዚህ ተጠግነው የተመለሱ የፓምፕ ሞተሮች ለምን እንደሚግሉና ለምን መብራት እንደሚበሉ ለማጣራት ነበር። ባሕር ማዶ ተምሬ ከተመለስሁ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ለምን እንደተመለስሁ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ እኔም ራሴን እጠይቅ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት የኤሊው አጎት ናቸው። ወላጆቹ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«የፈለግሽውን ለኪ፣ ልጄ» አሉኝ ሦስት ሞተሮች እያሳዩኝ። «እኔ ሞተር ስጠቀልል አንቺ አልተወለድሽም።»

የሞተር ብረት ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል። ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ በየገጹ መሐል ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ከተቃጠለ ቆርቆሮዎቹ ይነካካሉ፤ ፓምፑን ማዞር የነበረበት ኤሌክትሪክ እዚያው ብረቱ ውስጥ እየዞረ ብረት ሲያሞቅ ይውላል።

ብረቱ ላይ ወፍራም የመብራት ገመድ ጠምጥመን ኤሌክትሪክ ለቀቅንበት።

«እጅዎን እዚህ ያሳርፉ» አለኝ ኤሊው።

«አንቺ በለኝ። ብበልጥህ በሁለት ወር ነው።»

«በምን ታወቀ?»

«በግምት።»

«ይህን ሁሉ መለኪያ ተሸክመሽ በግምት?»

ሳቄ አመለጠኝ። መዳፉን ከመዳፌ አጠገብ አደረገ። ከጣቶቻችን ሥር ሽፋኑ የተቃጠለበት አንድ ቦታ ብቻ እየሞቀ መጣ። መሣሪያዬ ያንን ቦታ ያገኘው ከእሱ እጅ በኋላ ነው። ሁለታችንም እጃችንን ለማንሳት አልቸኮልንም።

ለአንድ ኪሎ ብረት የሚባክነው ከስድስት ዋት መብለጥ የለበትም። የመጀመሪያው ሞተር ሰባት፣ ሁለተኛው ስምንት አባከነ። ሦስተኛው ሦስት ብቻ። እሱ የጠቀለለው ነበር።

«ምን አድርገህ ነው?»

«እነሱ አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት በጋዝ እሳት ይለበልቡታል። እኔ ከዳቦ ቤት የተጣለ ምድጃ ውስጥ በለዘብተኛ ሙቀት አቆየዋለሁ። ከዚያ ሽቦውን ቀስ ብዬ እስባለሁ።»

«ለአጎትህ አልነገርካቸውም?»

«ነግሬያቸው ነበር። ዳቦው ሲበስል ጥራኝ አሉኝ።»

አንድ ቀን የሚበቃውን ሥራ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩበት። የምመጣበት ሰዓት ሲደርስ ሸሚዝ መቀየር ጀመረ። ማንም ምንም አላለም፤ ሁሉም ግን ያስል ነበር።

ሪፖርቱን ስጽፍ ፈራሁ። እንዳለ ካቀረብኩት ጋራዡ የውኃውን ሥራ ያጣል፣ እሱንም ማጣቴ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ደምሬ ለሦስት አካፈልኳቸው። ልክ ስድስት። አለፉ።

ሻይ ቤት ጠርቼ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ለአንተ ብዬ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ። አመሰግናለሁ።» ወረቀቱን በቀስታ ወደ እኔ መለሰው። «ስድስት ዓመት ኤሊ ሲሉኝ፣ አንድ ቀን የሚለካ ሰው ይመጣል እያልኩ ነበር የምጽናናው። መጣሽ፤ ለካሽ። ከዚያ የእኔን ሦስት ለእነሱ አካፈልሽው።»

ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ።

ሁለት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። እንዲህ ለመጻፍ ከሆነ ያን ያህል ርቄ መማር ለምን አስፈለገኝ? በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱን ሞተር ለየብቻው ጻፍኩና፣ ለመሥሪያ ቤቱ ከመስጠቴ በፊት ወደ አጎቱ ወሰድኩት።

ቆመው አነበቡት።

«ይሄ ከገባ ሥራው እንደሚቆምብኝ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ይሄን ልጅ ደግሞ ትወጂዋለሽ መሰለኝ።»

ከጥግ የኤሊው እጅ ሽቦው ላይ ቆመ።

«አዎ» አልኩ።

«ሰው የወደደውን ልጅ ቤት እንዲህ ያደርጋል?»

«ደብቄላችሁ ጽፌ ነበር። እምቢ ያለኝ እሱ ነው።»

ወደ ኤሊው ዞሩ። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ገመዱን ራሳቸው ጠምጥመው ኤሌክትሪኩን ለቀቁ። መጀመሪያ እጃቸውን ያሳረፉት ራሳቸው በጠቀለሉት ሞተር ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሲያቃጥላቸው አነሱት። ቀጥሎ የእሱን ነኩ። እዚያ ላይ እጃቸውን ረስተውት ቀሩ።

«ያ ምድጃህ ስንት ይይዛል?»

«ሁለት።»

«አይበቃም» አሉ።

ሥራው ለሁለት ወር ታገደ። ያን ማታ ኤሊው እስከ ታክሲ ሸኘኝ፤ ሦስት ታክሲ አሳልፈን አራተኛው ሲመጣ አግቢኝ አለኝ። መልሴን ሾፌሩም ሰምቷል።

በእገዳው ወራት ስምንት ሞተር የሚይዝ የጡብ ምድጃ ተሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ጡብ አቀብል ነበር። አንድ ደንበኛ መጥቶ ጭቃ የለበሰችው ሴት ማን እንደሆነች ቢጠይቅ፣ አጎትየው ቀና ብለው አዩኝ።

«ያሳገደችን እሷ ናት» አሉት። «የልጄ እጮኛ።»